በመኖሪያ ቤቱ

«አባዬ፣ ካሜራ ሲመጣ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፤ ሰው ሲያየው ደስ አይልም» አለው የወንድሜ ልጅ፣ የአባቱን ከረቫት እያሰረለት። እኔ ገና በሩ ላይ ደርሼ ጫማዬን እየጠረግኩ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ቀስ ተብሎ ቢነገር እንኳ ያማል፤ እሱ ግን «ውጭ ብርድ ነው፣ ሹራብ ደርብ» እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ወንድሜ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ የቀሩበትን ግራ እጁን አንዴ አገላብጦ አየና ወደ ኪሱ ሰደደው። እጁ አልገባም። ኮቱ የኪራይ ነው፤ ለአንድ ቀን የተከራየበት ዋጋ እኔ ለአንድ ሳምንት አስቤዛ የማወጣውን ያህላል፤ ኪሱ ደግሞ የውሸት ሆኖ ተገኘ፣ ከላይ ክዳን ብቻ ያለው። ልጁ መቀስ ፈልጎ ስፌቱን ተረተረው። «ስንመልሰው አያዩትም» አለ። ለዚህ ለዚህስ ማን ብሎት!

ወንድሜ የሚኖርባት ክፍል አንዲት ናት። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥና ሁለት ወንበር ከገቡ በኋላ ሦስት ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ልጁ አባቱን ሲያዞር፣ ትከሻውን ሲመታለት፣ አንገቱን ቀና ሲያደርግለት አየሁ። ልብስ መሸጫ መስኮት ውስጥ የሚቆመውን አሻንጉሊት ነበር የሚያለብሰው የሚመስለው። ወንድሜ ደግሞ «እሺ»፣ «እሺ» ይላል። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጁ ፊት ሲቆም ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ ይሆናል። «ጋሼ፣ አምሮብሃል» አልኩት። «ኮቱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሿ አየር መንገድ አርባ ዓመት ሞላት። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ወደማይደርሱባቸው ትንንሽ ከተሞች ባለ ሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላኖች አሰልፋ ሰውና ፖስታ ስታመላልስ የኖረች ድርጅት ናት፤ ትክክለኛ ስሟ ረጅም ስለሆነ ሰው ሁሉ ትንሿ ነው የሚላት። ምክር ቤቱም ሌላ ሥራ ያለቀበት ይመስል ስብሰባ ጠርቶ ምስጋና ሊያቀርብላት ወሰነ። በዚያ ቀን ሊነጋገሩበት የነበረው የመጠጥ ውኃ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ውኃ መቼም አርባ ዓመት ሞላኝ ብሎ ኬክ አይቆርስም። ከጥንቶቹ ሠራተኞች አንዱ መጥቶ የክብር የምስክር ወረቀቱን በሠራተኛው ስም ይቀበል ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ መካኒኮች በሕይወት የቀረው ወንድሜ ብቻ ነው። ልጁ የሚሠራው በትንሿ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፤ ሰኞ የኃላፊነት ደብዳቤው ይወጣል ይባላል። አባቱን አቅርቦ ያስመረጠው እሱ ነው። አባቱን ወዶ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ በሕይወት ያለ ቢያገኝ ኖሮ ያንን ያመጣ ነበር።

ልጁ አባቱ ጣቶቹን ያጣው ሰክሮ፣ ቤቱ በር ላይ እንጨት በመጋዝ ሲቆርጥ ነው ብሎ ያምናል። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያምነው። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መካኒኮቹ ሃንጋር ብለው አያውቁም። አውሮፕላን የምትጠገንበትን፣ የምትታጠብበትን፣ የምታድርበትን ያን ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ «ቤት» ነው የሚሉት። «ሦስት ቁጥር ቤት ገብታለች»፣ «አምስት ቁጥር ዛሬ ከቤት አትወጣም»። ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ ባሎቻቸው ስልክ ደውለው «ቤት ነኝ» ሲሉ «የትኛው ቤት?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ያኔ የጥገናው አለቃ «ቶሎ በሉ» የሚባል ሰው ነበር። ስሙ አይደለም፤ ከአፉ ሌላ ነገር ስለማይወጣ መካኒኮቹ ያወጡለት ነው። አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን ሊሳፈር መጥቶ ሰዓቱን ሲያይ፣ ቶሎ በሉ መሬት አልበቃው አለ። ወንድሜ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እጁን ከቶ እየሠራ ሳለ «ቶሎ በሉ፣ አስነሱት!» ብሎ ጮኸ። ከላይ የአብራሪው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ታዘዘ፤ አስነሳው። ሦስት ጣት ሄደ።

እኔ ያኔ የትንሿ ታይፒስት ነበርኩ፤ ያስቀጠረኝም ይኸው ወንድሜ ነው። ሐኪም ቤት ድረስ ቅጽ ተላከለት። ቅጹ ላይ «ጉዳቱ የደረሰው የት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ወንድሜ ከሕመሙ ጋር እየታገለ «ቤት» አለ። ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ቶሎ በሉ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ቤት ነው ያለው አይደል? በመኖሪያ ቤቱ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። «ጌታዬ፣ ቤት ማለቱ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። «ማለቱን ተይውና ያለውን ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። በመኖሪያ ቤቱ፣ እንጨት በመጋዝ ሲቆርጥ። መጋዙ የቶሎ በሉ ፈጠራ ነው፤ ስካሩን ጎረቤት ጨመረበት። ከታች ፈረምኩ። ወንድሜን ከመካኒክነት አንስተው የመጋዘን ጠባቂ አደረጉት። እኔ በስድስተኛው ወር የቶሎ በሉን የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ምክር ቤት ተቀጠርኩ። ደብዳቤው ላይ «ታዛዥ ናት» ይላል።

ወንድሜ ወረቀቱን ሲያየው ከታች ፊርማዬን አየ፤ አየና አጥፎ መለሰው። ለልጁ እውነቱን ልንገረው ቢል «አክስትህ ናት የጻፈችው» ማለት ሊሆንበት ነው፤ ልጁን ደግሞ እናቱ ገና በአምስት ዓመቱ ስትሞትበት እኔና እሱ ነን ያሳደግነው። ስለዚህ ዋጠው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋጠው። ልጁ አድጎ «እሱ እኮ የገዛ እጁን የቆረጠ ሰው ነው» እያለ ለጓደኞቹ ሲቀልድ በጆሮው ሰምቷል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጠና ታሞ በተኛበት፣ «እቴ፣ ሰካራም አለመሆኔን እንኳ ቢያውቅልኝ ይበቃኝ ነበር» አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

መኪናው የትንሿ ነው፤ ልጁ ራሱ ነው የሚነዳው። መንገድ ላይ አባቱን ሲያስጠና ሄደ። ስምህ ሲጠራ ተነሳ፣ ቀስ ብለህ ሂድ፣ እጅ ንሳ፣ ተቀበል፣ «አመሰግናለሁ» በል፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምር። ወንድሜ የቤንዚን ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀው። ልጁ ነገረው። ወንድሜ «አይ!» አለና ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሌላ ነገር ያንገበግበኛል። የውሳኔውን ረቂቅ ትላንት የተየብኩት እኔው ነኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ «በአርባ ዓመት የአገልግሎት ዘመኑ አንድም ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ አካሉ ሳይጎድል» ይላል። ይህ ሰው ይህ ሲነበብ እዚያው ቆሞ ሊሰማ፣ ሰምቶ «አመሰግናለሁ» ሊል ነው። ልንገረው ብዬ በእያንዳንዱ የትራፊክ መብራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አረንጓዴ ሲበራ ተገላገልኩ እላለሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ቀይ ይመጣል።

ምክር ቤቱን የማታውቁት ካላችሁ ብዙ አልቀረባችሁም። ምንጣፉ ቀይ ነው፣ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸው ያቃስታሉ፣ የድምፅ ማጉያው ደግሞ ለተናጋሪው ሳል ብቻ ጥሩ ነው። እኔ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በታች ተቀምጬ የተከበሩ እገሌ ያሉትን እጽፋለሁ። ሲያዛጉ አይጻፍም፤ ሲያንቀላፉም አይጻፍም። ሲያጨበጭቡ ግን በቅንፍ (ጭብጨባ) ይባላል፣ ሲስቁ (ሳቅ)። ያን ቀን ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ (ጭብጨባ) ጻፍኩ። አንዱ የተከበሩ በልጅነታቸው የትንሿ አውሮፕላን በሰፈራቸው ላይ ስታልፍ ሮጠው ሊይዟት እንደሞከሩ ተናገሩ፤ ዛሬም የሚሮጡት እንደዚያው ያለ ነገር ተከትለው ነው። ሌላዋ ለትውልድ ከተማቸው የአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ አሉ፤ ከተማይቱ አስፋልት የላትም። አንድ ሽማግሌ መሃል ላይ ነቅተው «የውኃው ጉዳይ ከሆነ እኔ እቃወማለሁ» አሉ። ጎረቤታቸው ጆሯቸው ላይ አንሾካሾኩላቸውና ሽማግሌው «ካልሆነስ እደግፋለሁ» ብለው ተመልሰው ተኙ።

ውሳኔውን ያቀረበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቶሎ በሉ! እሱም የተከበሩ ሆኗል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ቦርጩ ወጥቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ረቂቁን እያነበበ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰ። «አንድም ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ አካሉ ሳይጎድል» አለ፤ አለና ከወረቀቱ ቀና ብሎ ከራሱ ጨመረበት። «አካል ስል፣ የተከበራችሁ፣ ጣቱን እንኳ የተቧጠጠ የለም!» አጨበጨቡ። የምጽፍበት እጄ ቆመ። ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። የእንግዶች ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሱ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ቀስ ቀስ አድርጎ መታ። ደሜ ፈላ። ደሜ ቢፈላም ግን እጄ (ጭብጨባ) ብሎ ጻፈ፤ የለመደ እጅ ነው።

ከዚያ ተጠራ። የምስክር ወረቀቱ ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ ወርቃማ ክፈፍ ያለው፣ ትንሽ መስኮት የሚያህል መስታወት ነው። አፈ ጉባኤው ራሱ ሲያነሳው ወገቡን ያዘ። ወንድሜ በቀኝ እጁ ብቻ ሊቀበል ሞከረ፤ መስታወቱ አጋደለበት፤ ሊወድቅ ሲል ግራ እጁ ከኪሱ ወጥታ ያዘችው። ካሜራው እዚያው ፊቱ ላይ ነው። ልጁ ከካሜራው አጠገብ ቆሞ በዓይኑም በአገጩም «አውርዳት» ይለዋል፤ በየት በኩል ያውርዳት? ይሄኔ ቶሎ በሉ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለ። «ይቺን እጅ አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ የተከበራችሁ! ይቺ የእኛ ሥራ አይደለችም። ሰውየው ቤታቸው ሆነው በመጋዝ የቆረጧት ናት። በትንሿ ቢሆንማ አንዲት ፀጉራቸውም አትነካም ነበር!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የተኙት ሳይቀሩ ነቅተው ሳቁ። ልጁም ሳቀ። እየተሳቀቀ ቢስቅ እሺ፤ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ነው የሳቀው። አፈ ጉባኤው ደግ ሰው መምሰል ይወዳልና «እውነት ነው አባት?» ብሎ ድምፅ ማጉያውን ወደ ወንድሜ ገፋለት። ወንድሜ መስታወቱን ደረቱ ላይ አቅፎ መጀመሪያ ቶሎ በሉን አየው፣ ቀጥሎ ልጁን አየው፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። እኔ ላይ ዓይኑ ቆየ። ከዚያ በቀስታ «አዎ፤ ቤት ነው» አለ። እንደገና ተሳቀ። ቤቴ አላለም፤ ቤት ነው ያለው። በዚያ ሁሉ የተከበረ ሰው መካከል የሁለቱን ልዩነት የሰማን ሦስት ብቻ ነን፤ እሱ፣ እኔና ቶሎ በሉ። ቶሎ በሉ ሳቁን ቶሎ አቆመ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ምሳ ወደተዘጋጀበት አዳራሽ ተጋፍቶ ወጣ። ውሳኔ ሲሰጡ እንደዚያ ሲጋፉ አይቼ አላውቅም።

የእኔ ክፍል ምድር ቤት ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሚነካ የፋይል መደርደሪያ። ምሳ አልበላሁም። የጠዋቱን ቃለ ጉባኤ አጣርቼ መጻፍ ጀመርኩና ወንድሜ የተናገረው ላይ ደረስኩ። «አዎ፤ ቤት ነው።» (ሳቅ)። እዚህ ላይ ቆምኩ። እኛ ጸሐፊዎች አንድ ደንብ አለን፤ የተናጋሪው ቃል ለአንባቢ ግልጽ ካልሆነ በቅንፍ እናብራራለን። አንዱ የተከበሩ «ያ ሌባ» ካሉ፣ የትኛውን ሌባ ማለታቸው እንደሆነ በቅንፍ ይጻፋል፤ ካልሆነ ብዙ ሰው ይጣላል። ስለ ሌላው ሰው ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ሳብራራ ኖሬ የገዛ ወንድሜን አንዲት ቃል ሳላብራራ ቀረሁ። ጻፍኩ። (ቤት፦ የድርጅቱ ሠራተኞች ለአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር የሚጠቀሙበት ስያሜ ነው። ተናጋሪው ጣቶቻቸው የተቆረጡት በሃንጋሩ ውስጥ፣ በሥራ ላይ ሳሉ ነው። ቀድሞ «በመኖሪያ ቤቱ» ተብሎ የተመዘገበው በዚህች ጸሐፊ የተጻፈ ሐሰት ነው።) ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ አልልም፤ ፈራሁ።

ተናጋሪዎች መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት ንግግራቸውን መጥተው የማየት መብት አላቸው። ብዙዎቹ አይመጡም፤ ቶሎ በሉ ግን መጣ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ፤ ከኋላው የወንድሜ ልጅ ስልኩን ይዞ ተከትሎታል፤ ንግግሩን ለትንሿ መጽሔት ሊወስድ ነው። ቶሎ በሉ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ የራሱን ንግግር እየወደደው አነበበ፤ አንብቦ ወደ ታች ሲወርድ ስንጥሩ ቆመ። «ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ማብራሪያ ነው፣ የተከበሩ። ደንብ ነው።»

«የምን ማብራሪያ? ያኔ ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ? ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነው። እዚያም ላይ ብዬዋለሁ፣ ያንብቡት።»

«አብደሻል! ሰክሮ በመጋዝ የቆረጠውን…»

«ሞተሩን አስነሱት ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ» ብዬው አላውቅም። «እጁ ውስጥ እንዳለ እያየህ አስነሱት ያልከው አንተ ነህ። መጋዝ የሚባል ነገር ያን ቀን በአካባቢው አልነበረም። ወንድሜ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። እኔ ደግሞ እያወቅኩ ጻፍኩልህ፤ ደሞዜን ፈርቼ ጻፍኩልህ።» ክው አለ። ከዚያ «ለጡረታሽ ሁለት ዓመት ቀርቶሻል ይባላል። እናያለን» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ።

የወንድሜ ልጅ ቀረ። ሁሉንም ሰምቷል። ጠበቅኩት። አሁን ያለቅሳል፣ ወይ ይሰድበኛል፣ ወይ ሮጦ ወደ አባቱ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ በወደድኩ ነበር። ከውጭ በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ስለ ምሳው ዓሣ ሲያወሩ ይሰማል። ስልኩን አንዴ አየ፣ በሩን አንዴ አየ፣ ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አክስቴ፣ እሺ፣ ገባኝ። ግን ይጥፋ። እባክሽ። ሰኞ ደብዳቤዬ ሊወጣ ነው፤ ይሄ ከወጣ እኔን በማን ዓይን ያዩኛል? ነገሩ እኮ አርጅቷል። አባዬ እንደሆነ ለምዶታል።»

ለምዶታል! ይህን ሰው በእጄ አጉርሼ፣ ፊደል አስቆጥሬ፣ ኩፍኝ ሲይዘው አዝዬ አድሬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ምን ልበለው? እሱ ዛሬ የሚለምነኝን እኔ ያኔ ሳልለመን አድርጌዋለሁ። እሱ ይህን ከየት ተማረው ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ እዚያች ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ናቅኩት፤ ስንቀው ራሴን መናቄም ገባኝ። አተምኩ፣ ፈረምኩ፣ ተነሳሁ። እጄን ያዘኝ። «አክስቴ!» አለ። እጄን አስለቅቄ ወጣሁ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሳታነብ በየገጹ ማህተሙን መታችበት፤ እዚህ ቤት የሚመታ እንጂ የሚነበብ ነገር የለም። ማህተም ካረፈበት በኋላ ደግሞ አንዲት ፊደል እንኳ የምትወጣው ጉዳዩ እንደገና አዳራሽ ገብቶ በሁሉም ፊት ድምፅ ሲሰጥበት ነው። ይስጡበት እስቲ።

ወንድሜ ግቢው ውስጥ መኪናው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። መስታወቱን ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ጎማው ላይ አስደግፎታል። ከረቫቱን ፈቶ አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ምሳ እንዲገባ የጠራው ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። «ቆየሽ» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጻፍኩት፣ ጋሼ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቤት ማለት ምን እንደሆነ። ማን እንደጻፈውም። ማህተም ተመቶበታል።»

ግቢውን የሚጠርጉት ሰዎች ሁለት ጊዜ በፊታችን አለፉ። «ማን አዘዘሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ተቆጥቶ። «እዚያ ቆሜ አፌን የያዝኩት ለማን ብዬ መሰለሽ? ሁለት ዓመት ነው እኮ የቀረሽ! አሁን ቢያባርሩሽ ምን ልትሆኚ ነው?» እሱ ትንሽ ከተነፈሰ በኋላ ቁጣው በረደለት፤ ከዚያ እኔን ሳያይ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

«ልጁስ?»

«እዚያው ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። መጋዙንም፣ መጠጡንም።»

ግራ እጁ ከኪሱ ወጣች። በቀኝ እጁ ያዛትና ጉልበቱ ላይ አኖራት። «ምን አለ?» አለኝ።

ሰው ያለውን እንዳለ መጻፍ ሥራዬ ነው። ልጁ ያለውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ድረስ አልጠፋኝም። ወንድሜ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ይጠብቀኛል። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀው ይችን ደቂቃ እንደሆነ አየሁ።

«አለቀሰ» አልኩት።

«አለቀሰ?»

«አዎ፤ አለቀሰ።»

«ሞኝ!» አለ። «ምን ያስለቅሰዋል? ያለፈ ነገር።» ፊቱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። እንዲህ ሲፈካ ያየሁት ልጁ የተወለደ ቀን ብቻ ነው። ከረቫቱን አንስቶ ተመልሶ ሊያስር ሞከረ፤ አቃተው፤ እኔ አሰርኩለት።

ወዲያው ልጁ ከሕንፃው ወጣ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ደረጃውን በፍጥነት እየወረደ ነው። «እሺ ጌታዬ፣ ችግር የለም ጌታዬ፣ እኔ አነጋግራታለሁ፣ አክስቴ አይደለችም እንዴ!» እያለ ይስቃል። ዓይኑ ደርቋል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከሩቅ እጁን አንስቶ «ግቡ፣ እንሂድ» የሚል ምልክት አሳየን። ወንድሜ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል ወደ እኔ ጠጋ አለና በጆሮዬ «አየሽው?» አለኝ። «እንዳናውቅበት ፊቱን ታጥቦ ነው የመጣው።»